የትኛውን ፎርሙላ ልጠቀም?

ባለፈው እሁድ የእህቴ ልጅ የሒሳብ ደብተሩን ይዞ መጣ፣ ቡናው ገና አቦል ላይ ነው። ለቀጥታ መስመር ብቻ ሦስት ፎርሙላ በቀይ እስክርቢቶ ሳጥን ሳጥን ተደርጎለታል። ጥያቄው በ(2፣ 3) እና በ(6፣ 11) የሚያልፈውን መስመር ኢኩዌሽን ፈልግ ነው የሚለው፣ ልጁ ደግሞ "አጎቴ የትኛውን ፎርሙላ ልጠቀም?" ይለኛል።

እኔን ያበሸቀችኝ ይቺ ጥያቄ ናት። ሦስቱም እኮ አንድ ናቸው፣ ልብስ ቀያይረው ነው እንጂ። የሚያስፈልግህ ስሎፕ (ወደ ጎን አንድ ስትሄድ ስንት እንደምትወጣ ወይም እንደምትወርድ) እና አንድ ነጥብ፣ በቃ። ከ3 እስከ 11 በ8 ወጣ፣ ከ2 እስከ 6 በ4 ሄደ፣ 8 ለ4 ሲካፈል 2፣ ከዛ ዋይ - 3 = 2(ኤክስ - 2)፣ ስታስተካክለው ዋይ = 2ኤክስ - 1። በኤክስ ቦታ 6ን አስገባ፣ 11 ከመጣልህ አብሽር።

ስሎፕ ምንድነው ስለው "ኤም ነዋ" አለኝ። ፎርሙላው ላይ ያለችውን ፊደል! የደሴ ኮምቦልቻን ቁልቁለት፣ ሐረጎን፣ ስንቴ የወረደ ልጅ! ከደሴ ኮምቦልቻ መንገዱ 25 ኪሎሜትር ግድም ነው፣ ቁልቁለቱ ወደ 600 ሜትር፣ ስለዚህ በአማካይ በየኪሎሜትሩ 24 ሜትር ትወርዳለህ። ደሴን 2500 ሜትር ላይ ናት ብንል ከፍታህ ዋይ = 2500 - 24ኤክስ ነው፣ ኤክስ የሄድከው ኪሎሜትር፣ ማይነሷ መውረድህ። ያቺ ዋይ ኢንተርሴፕት እያላችሁ የምትፈሯት 2500 ደግሞ ሚኒባሱ ሳይንቀሳቀስ ረዳቱ "ኮምቦልቻ፣ ኮምቦልቻ" እያለ ሲጣራ ያለህበት ከፍታ ናት። (ሐረጎ ራሱ እባብ ነው እንጂ መስመር አይደለም፣ ፍሬን እስኪሸት የሚወረድበት ቦታ አለ፣ አማካይ ነው ያልኩት።)

መምህራኑን አልወቅስም፣ ክፍሉ ጢም ያለ ነው፣ ፈተናው ምርጫ፣ ሰዓቱ አጭር፣ ሸምድዶ ቁጥር መክተት ለጊዜው ያዋጣል። ግን መጀመሪያ ስዕል፣ ቀጥሎ ስሎፕና ነጥብ፣ የፎርሙላው ስም ቢፈለግ መጨረሻ ላይ ይምጣ ባይ ነኝ።

ቀጣዩ ጥያቄ (4፣ 1) እና (4፣ 7) ነበር። 6 ለዜሮ ሲካፈል ሆነበትና ስሎፑን ዜሮ ብሎ ዋይ = 1 ጻፈ። ዜሮ ስሎፕ እኮ እንደ ኤርፖርት ማኮብኮቢያ ለጥ ያለ ሜዳ ነው፣ ይሄኛው ገደል ነው፣ ጭራሽ ስሎፕ የለውም! ሳለው አልኩት። ሳለው፣ መስመሩ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ትንሽ አየውና "ኤክስ ሁሌም 4 ነው እኮ" አለ፣ ኤክስ = 4 ብሎም ጻፈ። በየትኛው ፎርሙላ አገኘኸው ስለው በረካው እየተቀዳ ሦስቱን ሳጥኖች አንድ ባንድ አያቸውና "በአንዱም" አለኝ።