ይድረስ ለ«13 ሰዓት»፣ ባለህበት

ለጤናህ እንደምን አለህ? እኔ ካንተ ውሸት በስተቀር ደህና ነኝ፣ ደሴም አብሽር ደህና ናት።

ስልኩ ላይ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው ብሎ የጠየቀ ሁሉ የሚያገኘው አንተን ነው። 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 13 ሰዓት፣ አለቀ። እህቴ ወደ ዋሽንግተን ልትመለስ ስትል ለእማዬ አንተን ነገርኳት፣ «ውይ እኛ አዲስ አበባ ለመግባት ቀኑን ሙሉ አይደል እንዴ የምንውለው፣ ታዲያ አሜሪካ ጎረቤት ናታ!» ብላ ሳቀች። ስህተቱ የኔ ነው፣ አምኛለሁ።

አንተ መቁጠር የምትጀምረው ቦሌ ላይ ጎማው ሲነሳ ነው። ሐረጎን ቁልቁል መውረዱ፣ ኮምቦልቻ፣ ከሚሴ፣ አጣዬ፣ ሸዋ ሮቢት፣ ከዛ ደብረ ሲና ደርሶ ጣርማበርን መውጣቱ፣ 400 ኪሎ ሜትሩ እንዳለ ያንተ ሂሳብ ውስጥ የለም። ደሞ እኮ ዋሽንግተን ያለችው በሰሜን ምዕራብ በኩል ነው፣ እኛ ግን ጀርባችንን ሰጥተናት ቀኑን ሙሉ ወደ ደቡብ! ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን ሂዱ ትል ይሆናል፣ እሱም ያው ወደ ደቡብ ነው፣ በዛ ላይ የእማዬን በርበሬና ሽሮ ኪሎ ማን ይከፍላል።

ይሄን ሁሉ ይቅር ብልህ እንኳ አንተ ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ የመመለሻው ነህ። ቦሌ ከባህር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ ነው ያለው፣ አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ሰውና ነዳጅ ጢም አድርጎ ሞልቶ መነሳት ይከብደዋል፣ ስለዚህ ሲሄድ መንገድ ላይ ወርዶ ይቀዳል፣ ድሮ ደብሊን ነበር። ነፋሱም ላይ ላዩን ከምዕራብ ነው የሚመጣው፣ ሲሄዱ ወደ ኋላ ይገፋል ሲመለሱ ያግዛል። በቃ መሄጃው 17 ሰዓት ገባ። ቲኬቱ ደሞ ሌላ ጉድ ነው፣ 22:30 ተነስቶ ጠዋት 08:30 ይደርሳል ይላል፣ አስር ሰዓት ብቻ! የ7 ሰዓቱን ልዩነት ማን ለእማዬ ያስረዳል? እኔ 22:30ን የማታ 4:30 ነው ብዬ እስክተረጉምላት ራሱ ላብ አስጠምቆኛል።

እና በነጋታው እማዬ ባንተ ቆጥራ ልክ 5:30 ሲሆን «ደረሰች?» አለች። የለችም። አቦሉ ተጠጣ፣ ስልኩ ዝም። ቶናው ላይ ጎረቤት ተጠራ። በረካው ላይ ዱዓ ተጀመረ፣ እኔም «ነዳጅ እየቀዳ ነው» ብል ሁሉም አፈጠጠብኝ፣ አንዷ ሴትዮማ ሰማይ ላይ ማደያ አለ እንዴ ብላ እማዬን ይባስ አስለቀሰቻት። እህቴ የደወለችው 11 ሰዓት ላይ ነው፣ አርፋም ፓስፖርት ለማስመታት ሰልፍ ላይ ነበረች። እማዬ ስልኩን ዘግታ ለሷ አንድም ቃል ሳትናገር ወደኔ ዞረች።

ያኔ አንተ የት ነበርክ? ስልኬ ላይ ተጎልተህ 13 እንዳልክ ነበርክ።

ዘንድሮ እኔ ራሴ ልሄድ ነው። እማዬ ስንት ሰዓት ነው ስትለኝ ሦስት ቀን ነው አልኳት፣ በሁለተኛው ከደወልኩ ምርቃት አገኛለሁ።

አክባሪህ ያልሆንኩት፣
ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ