ሁሉም አለው፣ ማንም አላየውም

ቢሮ ውስጥ «ፎልደሩ ውስጥ አለ» የሚባል መልስ አለ። ይህን የመለሰ ሰው የራሱን ጨርሷል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የጠያቂው ዕዳ ነው።

«የትኛው ፎልደር?»
«የጋራው ነዋ!»
«የጋራው የት ነው?»
«ኢሜይልህ ላይ።»
«እኔ ጋ አይታይም እኮ።»
«እንዴት አይታይም? ይኸው እኔ ጋ ይታያል!»

ክርክሩ እዚህ ላይ ያበቃል። እርሱ ጋ መታየቱን ማን ካደ? ለሌሎቻችን ግን ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ልዩነቱ፣ የእኛዋን ላም ሁልጊዜ የሚያልባት አንድ ሰው መኖሩ ብቻ ነው።

ሰበቡን ቴክኖሎጂ ላይ እንጣል ብንል ዕድሜው አያስጥለንም። ማርክ ክሪስፒን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1986 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ አይማፕ የሚባለውን የኢሜይል ማንበቢያ ሥርዓት ሲነድፍ፣ ኢሜይል አንድ ኮምፒውተር ላይ ወርዶ እንዳይታሰር፣ ሰርቨር ላይ ተቀምጦ ከየትም እንዲነበብ አድርጎ ነበር። ማይክሮሶፍትም እ.ኤ.አ. በ1996 የመሥሪያ ቤቶችን ኢሜይል የሚያስተናግደውን ኤክስቼንጅን ለገበያ ሲያወጣ ፐብሊክ ፎልደር የሚባለውን አብሮ አቅርቧል። እንግዲህ የጋራ ፎልደር ከአንዳንዱ የሥራ ባልደረባችን በዕድሜ ይበልጣል ማለት ነው። እስካሁን ግን አልተዋወቁም።

እርግጥ ኢሜይላችንን የምናነብበት ፕሮግራም፣ አውትሉክም ንጹሕ አይደለም። ለረጅም ዘመን ስንገለገልበት የኖርነው አውትሉክ ፐብሊክ ፎልደሩን ከኢንቦክሱ ጎን አያሳይም። ወደ ፎልደሮች ዝርዝር መሄድ ያስፈልጋል፤ መሄጃው ደግሞ ከሦስት ነጥቦች ጀርባ ተሸሽጓል። በአቋራጭ ኮንትሮልን ይዞ 6ን መጫን ይቻላል፤ ይህን የሚያውቅ ሰው በየቢሮው አንድ አይጠፋም፣ እርሱም ሲጫን እጁን ከለል ያደርጋል። ፎልደሩ አንዴ ከተገኘ ፌቨሪትስ በሚባለው የምርጦች ዝርዝር ውስጥ ከትቶ በየጊዜው ከመፈለግ መገላገል ይቻል ነበር። ማን ነግሮን?

የፈቃዱ ነገር ይብሳል። አይቲዎች ለአንድ ንዑስ ፎልደር ፈቃድ ይሰጡንና ከበላዩ ያለውን ይረሱታል። ልጁን እንድናይ ተፈቅዶልናል፣ ወላጁን ግን አልተፈቀደልንም፤ ወላጁ ካልታየ ደግሞ ልጁ ዝርዝሩ ላይ ብቅ አይልም። ደውለን አቤት ስንል «ፐርሚሽን ሰጥቻለሁ» ይባላል። አልታየም እንላለን። «ዘግተህ ክፈተው።» ዘግተን እንከፍታለን። አልታየም። «እስኪ ነገ እየው።» ነገም ያው ነው፤ ዘግቶ የመክፈት ልምዳችን ግን በእጅጉ ዳብሯል።

ዘመናዊ የሆኑት መሥሪያ ቤቶች ፐብሊክ ፎልደሩን ትተው ሼርድ ሜይልቦክስ፣ ማለትም የጋራ የኢሜይል ሣጥን ይከፍታሉ። ደግ አደረጉ። በማይክሮሶፍት 365 እስከ 50 ጊጋባይት ድረስ የራሱ ላይሰንስ እንኳ አያስፈልገውም፤ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ፓስወርድ ስለሚገባም፣ የጋራውን ፓስወርድ ከኪቦርድ ሥር በወረቀት ጽፎ የመለጠፍ ሙያ ይቀራል። አይቲው ሙሉ ፈቃድ በየስማችን ከሰጠን፣ ጥቂት ቆይቶ ሣጥኑ አውትሉካችን ላይ ራሱ ከች ይላል። እኛ ምንም አንነካም። ታዲያ አይቲያችን ብልጥ ነው፤ ስም በስም ማስገባት ሰልችቶት ፈቃዱን ለግሩፑ በጅምላ ይሰጠዋል። በግሩፕ የተሰጠ ፈቃድ ይሠራል፣ ሣጥኑ ግን ራሱ አይመጣም፤ እያንዳንዱ ሰው በእጁ መጨመር አለበት። መጨመር እንዳለበት የሚገልጸው ማስታወቂያ የት ተላከ ቢሉ፣ ወደዚያው ወዳልታየው ሣጥን።

ሁሉም ገባ እንበል። አሁን ነው ጨዋታው። ሼርድ ሜይልቦክስ ላይ አንዱ የከፈተው መልእክት ለሁሉም ተከፍቷል፤ የደመቀው ጽሑፍ ይከሳል። በየቢሮው ደግሞ ጠዋት ቀድሞ ገብቶ፣ የመጣውን ሁሉ አንድ በአንድ ከፍቶ አንብቦ፣ አንዱንም ሳይመልስ የሚወጣ ሰው አለ። ክፋት የለውም፤ ወሬ ይወዳል። ከኋላው የመጣነው ደማቅ ነገር ስናጣ «እሰይ፣ ተሠርቷል» ብለን እንዘጋለን። በሦስተኛው ቀን ባለጉዳዩ «ከዚህ በታች ያለውን መልእክቴን ይመልከቱልኝ» ብሎ ይጽፋል። ያኔ ሁላችንም እንደነግጥና ሦስታችን በአንድ ጊዜ እንመልስለታለን። አንዱ ይቻላል፣ አንዱ አይቻልም፣ አንዱ ደግሞ በአካል ይቅረቡ። ባለጉዳዩ የሚሻለውን መርጦ ይሄዳል። ለዚህ መድኃኒቱ መልእክቱን በቀለም ምድብ መለየት ነው፤ ሰማያዊው የእርሷ፣ አረንጓዴው የእርሱ ተብሎ ይከፋፈላል። እኛም ሞክረነው ነበር። አለቃችን ቀይን ለራሳቸው ወሰዱ፤ ከዚያ ወዲህ አስቸጋሪ ጉዳይ የመጣ እንደሆነ ሁላችንም ቀይ መቀባት ለመድን።

የተላከው መልስ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ካልተስተካከለ በስተቀር በጋራው አድራሻ የጻፍነው መልስ ቅጂው የሚቀመጠው በላኪው የግል ሣጥን ውስጥ ነው። ጥያቄው የጋራ፣ መልሱ የግል ሆኖ ይቀራል። አንድ የአይቲ ሰው ለአፍታ ገብቶ ቅንብሩን ቢለውጠው ቅጂው በሁለቱም ቦታ ይቀመጥ ነበር። ግን ማን ይጠይቀዋል? መልሶቹን የያዘው ሰው እንዳይጠይቅ የሚያደርገው በቂ ምክንያት አለው። ዛሬ «እስኪ እኔ ፎርዋርድ ላድርግልህ» ሲል ውለታ ነው፤ ፎልደሩ ለሁሉም የተከፈተ ቀን ግን እንደማንኛችንም ተራ ሠራተኛ ነው። አሁን እኮ አለቃም ጠረጴዛው ድረስ ይመጣሉ። «ያቺ የመጋቢቷ ደብዳቤ አለች?» ይሉታል። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ ያደርጋል፣ ያሰላስላል፣ «ልፈልጋት» ይላል። ስክሪኑ ላይ ተከፍታ እያለች!

ይኸው ሰው ባለፈው የዓመት ፈቃድ ወጣ። ስንጽፍለት የሚመጣው አውቶማቲክ መልስ ትሕትናው ልብ ይነካል፤ «በእረፍት ላይ ነኝ፤ አስቸኳይ ጉዳይ ካለዎት እባክዎ በጋራው አድራሻ ይጻፉልን» ይላል። ጻፍን። መልስ መጣ፤ «መልእክትዎ ደርሶናል፣ ጉዳዩን የያዘው ባልደረባችን ከእረፍት ሲመለስ ያነጋግርዎታል።»