የጅሬን ቁልቁለትና የሞተር ልጆች

ጅማ ላይ ጀበና ቡና ከበን የተነሳ ክርክር ነው። መነሻው ከጅሬን ቁልቁለት በሞተር የሚወርዱት ልጆች ናቸው። ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት መልስ ሦስት ሆነው አንድ ሞተር ላይ ይወጣሉ። ከዚያ ፍሬን ሳይነኩ ይለቁታል። ሄልሜት የሚባል ነገር የለም።

«ጥጋብ ነው!» አሉ ጡረታ የወጡት የጭነት መኪና ሹፌር። «እኛ የጊቤን በረሃ ስንወርድ እንጀራችን ሆኖብን ነው። እነዚህ ግን ሞትን ሄደው ይፈልጉታል።»

ሳይኮሎጂ የሚያስተምረው ወጣት አልተስማማም። «ሞትን አይደለም ጋሼ፣ ስሜቱን ነው የሚፈልጉት» አላቸው። ማርቪን ዙከርማን የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1964 ለዚህ ፍላጎት መለኪያ አውጥቷል። ኋላ ላይ 40 ጥያቄ ያለው ሆነ። አደጋ ያለበትን ጨዋታ መውደድን ብቻ አይደለም የሚለካው። አዲስ ነገር መፈለግን፣ ልጓም መፍታትንና ቶሎ መሰልቸትንም ይጨምራል። «አንዳንድ ሰው ጸጥ ያለ ቀን ያስጨንቀዋል። በመንትዮች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ደግሞ ከቤተሰብ የሚወረስ ድርሻ እንዳለው ታይቷል።»

«እንግዲያው የኔ ልጅ ለምን ብቻውን ሲሆን ቀስ ብሎ ይነዳል?» አለች ቡና የምታፈላው። «ብቻውን ሳየው እንደ ሽማግሌ ነው። ጓደኞቹ ከኋላ ሲወጡ ነው የሚያብደው።»

መምህሩ ትንሽ ዝም ብሎ፣ «ልክ ነሽ እቴ፣ እሱም ተጠንቷል» አላት። ጋርድነርና ስታይንበርግ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት 306 ሰዎችን በኮምፒውተር መኪና አስነድተዋል። ቢጫ መብራት ሲበራ ማቆም ወይም መቀጠል የነጂው ፋንታ ነው። ጓደኞቻቸው አጠገባቸው ሲሆኑ ከ13 እስከ 16 ዓመት ያሉት ልጆች ድፍረታቸው እጥፍ ያህል ጨመረ። ከ24 ዓመት በላይ ያሉት ግን አልተለወጡም።

«አደጋውንስ አያውቁትም?» አሉ ሹፌሩ።

«በደንብ ያውቁታል።»

«እያወቁ ከሆነማ ጥጋብ ነው አላልኩም?» ብለው ስኒያቸውን አስቀመጡ። ከዚያ በኋላ ማንም አልመለሳቸውም።

እኔ ግን ቡና ከምታፈላው ጋር ነኝ። ጋሼን አከብራቸዋለሁ፤ ንዴታቸውም ከፍቅር ነው። ነገር ግን ልጁን ጥጋበኛ ስንለው ጓደኞቹ ጀግና ይሉታል። በዚያ ዕድሜ የማንን እንደሚሰማ ሁላችንም እናውቃለን። ለስሜት የሚሮጥ ተፈጥሮውን በምክር አንነቅለውም። ከኋላው ማን እንደሚጫን ግን መወሰን እንችላለን። ልጄ ሞተር ቢኖረው ከቁልፉ ይልቅ አብረውት የሚወጡትን እቆጣጠር ነበር። መንገድ ዳር ቆመን ስልክ አውጥተን የምንቀርጸውስ? እኛም ለእሱ ተመልካች ነን። እነሱ ሲወርዱ ስልኩን ኪስ ውስጥ መተው ከዛሬ ጀምሮ ማድረግ የምንችለው ነው።