ቤቶች! ደጆች!

ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ በመጣሁ በአራተኛው ቀን ነው። አራት ኪሎ፣ የአክስቴ ልጅ አፓርታማ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ቁርስ እየበላን ጥበቃው ደወለ። «አጎታችሁ ነኝ የሚሉ ሽማግሌ አሉ፤ ላስገባ?»

ላስገባ?! አጎቴን?!

የአክስቴ ልጅ ጉርሻዋን እንደያዘች ተነፈሰች። «ምናለ ደውለው ቢመጡ!»

ይህቺን ንግግር አውቃታለሁ። ሜሪላንድ ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት የበላችኝ እሷ ናት። እዚያ የገዛ ወንድሜ ቤት ለመሄድ፣ የሃያ ደቂቃ መንገድ፣ ለቅዳሜ ረቡዕ ላይ ቴክስት አደርጋለሁ። ግድግዳ የምንጋራውን ጎረቤቴን ስም ያወቅኩት በስህተት እኔ ጋ በገባ ፖስታ ነው። ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ «አገር ቤት እኮ እንዲህ አይደለም» እያልኩ ስንቱን እንዳሰለቸሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

እናንተዬ፣ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ያደግንበት ቤት ሁለት ክፍል ነበር። በ1967ቱ የትርፍ ቤት አዋጅ 47 ተወርሶ የቀበሌ የሆነ፣ ጣሪያው የሚያፈስ። ከሰላሌ ዘመድ ሲመጣ የሚሰማው መጀመሪያ ድምፁ ነው። «ቤቶች!» እናቴ ማን እንደሆነ እንኳ ሳታይ ከጓዳ «ደጆች!» ትላለች። ከዚያ በቅል የታሸገ ቅቤ፣ ጩኮ፣ ከበሩ ኋላ የሚደገፍ ዱላ። ለሐኪም ብሎ የመጣ ሁለት ወር ይሰነብታል፤ እኛ ልጆች አልጋ ለቀን መሬት እንወርዳለን። እውነቱን ልናገርና፣ ያኔ አልወደውም ነበር። የአጎቴ ማንኮራፋት ሌላ ነው።

ያ ቤት በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ አብሮ ሄደ። ትናንት ሄጄ ነበር። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ ቀን አስመስሎታል፣ የብስክሌት መስመር ሳይቀር አለ። ጭቃው ናፈቀኝ የሚል ዲያስፖራ ካገኛችሁ አትመኑት። እኔ ያጣሁት ቆሜ «ቤቶች!» የምልበትን በር ነው።

ወረድኩ። አጎቴ ከግቢው በር ውጭ፣ የእግረኛው መንገድ ወንበር ላይ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ማዳበሪያቸውን በእግራቸው መሐል አድርገው ተቀምጠዋል። «ተጣርቼ ነበር፤ ፎቁ አልሰማ አለኝ» አሉና ሳቁ። መታወቂያቸውን ጥበቃው ይዞታል። ዱላውንም። ዱላ ወደ ላይ አይወጣም አሉ፣ ደንብ ነው።

በአክስቴ ልጅ አልፈርድባትም፤ ከሥራ ማታ ሁለት ሰዓት የምትገባ፣ ሁለት ልጅ ለብቻዋ የምታሳድግ ሴት ናት። የድሮውን እንግዳ የሚያስተናግዱት እናቴና ጎረቤቶቿ ሆነው ነው፤ ወጡ ከአንዱ ቤት፣ እንጀራው ከሌላው። እሷ ማንን ትጥራ? ግን ያ «ላስገባ?» ሦስት ቀን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣም።

አጎቴ ሁለት ወር የሚሰነብቱት ሰውዬ አንድ ሌሊት ሶፋ ላይ አደሩ። ጠዋት ቡና ሳይደገም ተነሡ። ብንለምን፣ ብንል፣ «ከብቱን ለልጅ ትቼ ነው የመጣሁት» አሉ።

ማምሻውን ከሰላሌ፣ ከፍቼ ከተማ ደወሉ። በሰላም ገብተዋል፤ ዱላቸውን ግን ጥበቃው ጋ ረስተዋል።

«ላምጣልዎት?» አልኳቸው።

«ተወው፣ ስመጣ እወስደዋለሁ» አሉ። ትንሽ ቆዩና፦ «ደውዬ ነው ደግሞ የምመጣው።»