ዓመቱን ሙሉ ሸጠን የሐምሌ ሪፖርት ብቻ

ወገን፣ ዛሬ ካልተነፈስኩ አላድርም።

ደብረ ብርሃን ነኝ። የምሠራበት ድርጅት ሽያጩን የሚመዘግበው በዚያ ባለ አረንጓዴ ስክሪኑ የአይቢኤም ኮምፒውተር፣ በኤኤስ 400 ነው። (ለሰርቨሩ ክፍል ኤሲ አልተገዛም፤ በዚህ ክረምት መስኮቱን ገርበብ ማድረግ ይበቃዋል። እኔ ጋቢ ለብሼ ነው ኮድ የምጽፈው።) ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ የሽያጩን ፋይል በየወሩ ሜምበር (በአንድ ፋይል ስም ሥር የራሱን መረጃ የሚይዝ ክፍል) ከፋፍሎታል፦ ከሐምሌ ጀምሮ እስከ ሰኔ፣ ጳጉሜንም ለብቻዋ፣ 13። ከዚያ ለቀቀ። አንዲት ወረቀት አልተወም፣ ስልኩም አይነሳም።

በጀት ዓመቱ ተዘጋና አለቃዬ የዓመቱን ድምር አሉኝ። በኤስኪውኤል፣ በመረጃ መጠየቂያው ቋንቋ፣ አወጣሁላቸው። አይተው ዝም አሉ። «አንተ ልጅ፣ ከስረናል እንዴ?»

ለካ ኤስኪውኤል ሜምበር የሚባል ነገር አያውቅም። ፋይሉን ስትጠራው የመጀመሪያውን ሜምበር አንብቦ ይመለሳል። መሶብ ከፍቶ የላይኛዋን እንጀራ ብቻ አይቶ «አንድ ናት» እንደሚል እንግዳ! ኤረር እንኳ የለም፤ የሚያበግነው እሱ ነው። ማሽኑን አልወቅስም። በፈረንጅ 1988 ሲወጣ ሰዉ ፋይሉን በአርፒጂ (የማሽኑ የፕሮግራም ቋንቋ) ነበር የሚያነበው፣ ለዚያ ሜምበር ሸጋ ነገር ነው።

መጀመሪያ ኦቨርራይድ፣ ማለትም «ይህን ሜምበር ክፈት» የሚል ትዕዛዝ፣ ሞከርኩ። እኔ ስክሪን ላይ ጥቅምት መጣ፤ የፋይናንሱ ጋሼ ኤክሴል ላይ አሁንም ሐምሌ። ኦቨርራይድ የሚሠራው በተሰጠበት ጆብ (ማሽኑ ላይ አንድ ሰው ወይም ፕሮግራም ሲገባ የሚከፈትለት ሥራ) ውስጥ ነው፣ ኤክሴሉ ደግሞ የሚገባው በራሱ ጆብ ነው። እሺ፤ ለእያንዳንዱ ወር አልያስ (ሜምበሩን የሚጠራ ሌላ ስም) ፈጠርኩ፣ አሥራ ሦስቱንም በዩኒየን ኦል፣ ውጤቶችን በሚቀጣጥለው የኤስኪውኤል ትዕዛዝ፣ አያያዝኩ። ሠራ! እልል ልል ነበር። ጋሼ ራሳቸው እንዲከፍቱት ቪው (እንደ ቴብል የሚከፈት የተቀመጠ ጥያቄ) ላድርገው ስል ግን እምቢ፦ በሜምበር አልያስ ላይ ቪው አይፈጠርም።

አለቃዬ «ታዲያ አዲስ ቴብል አትሠራም?» ይሉኛል። በኤስኪውኤል የተፈጠረ ቴብል የሚይዘው አንድ ሜምበር ነው፤ ሁለተኛ ልጨምር ብል አይቀበልም። ወሩን በሜምበር ስም የሚከፍቱትን የድሮ ፕሮግራሞች በሙሉ ማን ይጽፋቸዋል? እኔ። በስንት ደመወዝ? ይቅር።

መጨረሻ ላይ ዲዲኤስ (የማሽኑን የድሮ የፋይል መግለጫ ቋንቋ) ቆፍሬ ሁሉንም ሜምበር የሚያይ ሎጂካል ፋይል፣ ማለትም የራሱ መረጃ የሌለው የሌላ ፋይል መስኮት፣ ሠራሁ። ለማንበብ ብቻ ነው፤ ይበቃል። ሦስት ቀን የፈጀ ሥራ፣ አለቃዬ «ይኸው፣ ቀላል ነበር እኮ» አሉ።

ያ ልጅ፣ ይህን ካነበብክ፦ «ጳጉሜን 2» የሚል 14ኛ ሜምበር አግኝቻለሁ። ሁሉንም ብዬ ስላያያዝኩ እሱም ድምሩ ውስጥ ገብቷል። ሽያጭ ነው ወይስ ሙከራህ? ሪፖርቱ ነገ ጠዋት ይፈረማል፣ በእናትህ ስልክ አንሳ።