የዘመኑ ደጅ ጠኚዎች

ድሮ ደጅ የሚጠና ሰው ሹመት ፈልጎ ነበር። ጌታው ብቅ እስኪሉ በራቸው ላይ ፀሐይና ዝናብ ይፈራረቅበታል። የዘመኑ ደጅ ጠኚ ግን ከባለቤቱ ሰባራ ሳንቲም አይፈልግም። እንዲያውም ማንም ከቤት እንዳይወጣበት ነው የሚጸልየው። ስለ አሮጌ በር ፎቶ አንሺዎች ነው የማወራው። ሰው ባሕር ዳርቻ ሄዶ ባሕር ያያል፤ እነሱ ጀርባቸውን ለሕንድ ውቅያኖስ ሰጥተው የተላጠ ቀለም ፊት ይቆማሉ። እንዲህ ያለ ትጋት አይመሰገንም?

መዲናቸው ዛንዚባር ነች። አየር መንገዳችን ስለሚበርበት የኛም ሙሽሮች ጫጉላቸውን እዚያ ማሳለፍ ለምደዋል። መጀመሪያ አሸዋው ላይ ይነሳሉ። አሸዋው ይሰለቻል። ከዚያ ወደ አሮጌው ከተማ፣ ወደ ስቶን ታውን ይወርዳሉ፤ የበሩ ነገር ይጀመራል።

እውነቱን ለመናገር በሩም የሚነሳ በር ነው። ድሮ ሀብታም ነጋዴ ቤት ሲያሠራ ከግድግዳው በፊት በሩን ያቆም ነበር ይባላል። አናቱ ቀስት የሆነው የሕንዶቹ ፋሽን ነው፤ አራት ማዕዘኑ የዓረቦቹ። ጉበኑ ላይ የቁርዓን ጥቅስ ይቀረጻል። መቃኑ ላይ ዓሣ አለ፣ አበባ አለ፣ ዳር ዳሩን ሰንሰለት አለ። ስለ ሰንሰለቱ አንዳንድ አስጎብኚ የባሪያ ነጋዴ ቤት ምልክት ነው ይላል፤ ሌላው ቤቱን ይጠብቃል ተብሎ ነው ይላል። አንሺያችንን የሚያሳስበው ጥላው የት እንደወደቀ ብቻ ነው። ሳንቃው ላይ የተተከለው ሹል ናስ ደግሞ ከሕንድ የመጣ መላ ነው። እዚያ በጦርነት ጊዜ ዝሆን በሩን በግንባሩ እንዳይገፋው ነበር አሉ። ዛንዚባር ውስጥ በር የሚገፋ ዝሆን የለም። ለጉራ ነው። በሩ ከተተከለ ጀምሮ «እዩኝ፣ እዩኝ» ሲል የኖረ ነው፤ ታዲያ አንሺው ምን አጠፋ?

ጥበቡ ያለው ምርጫው ላይ ነው። ታድሶ፣ ዘይት ጠጥቶ የሚያብለጨልጨውን የሆቴል በር ዞር ብሎም አያየው። «ነፍስ የለውም» ይላል። ነፍስ ያለው በር የታችኛው ሳንቃ በጨው የተበላ፣ ማጠፊያው የዛገ፣ ናሱ ወልቆ ቀዳዳው የቀረ ነው። የግድግዳው ልስን ተገሽልጦ ድንጋዩ ከታየማ፣ እልል ነው።

ሥራ ላይ ሆኖ ቢያዩት ደግሞ ይደንቃል። መንገዱ ጠባብ ነው። አንሺያችን መሐሉ ላይ በሆዱ ይተኛል። ከዓሣ ገበያ የሚመለሰው ሰውዬ ብስክሌቱን ያቆማል፤ ከኋላ የታሰረው ቅርጫት ውስጥ ያለው ዓሣም በፀሐይ ተራውን ይጠብቃል። በሩ ጎን ካለው የድንጋይ መደብ ላይ ቡና የሚጠጡት ሽማግሌዎች «ትንሽ ፈቀቅ በሉልን» ይባላሉ። አያቶቻቸው የተቀመጡበት መደብ ነው፤ ግን ፍሬም ውስጥ ገብተዋል፣ ምን ይደረግ! ደፉ ላይ የወለቀውን የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ በእግሩ ጫፍ ገፋ ያደርገዋል። ልክ ብርሃኑ ሲስተካከል በሩ ይከፈታል። አንዲት እናት ሰማያዊ ባልዲ ይዘው ብቅ ይላሉ። አንሺያችን ጨዋ ስለሆነ አይቆጣም። በእጁ ምልክት ብቻ፣ በትሕትና፣ ወደ ገዛ ቤታቸው ይመልሳቸዋል።

ከዚያ ይለጥፋል። «እያንዳንዱ በር የራሱ ታሪክ አለው» ብሎ ይጽፍበታል። አፉ ይባረክ! ታሪኩን የሚያውቁት ባለ ባልዲዋ እናት ናቸው፤ እሳቸውን መጠየቅ ግን ፖስቱን ያዘገያል።

ቢጠየቁም የሚሉት ለላይክ አይመችም። ቤቱ በኮራል ድንጋይና በኖራ የተሠራ ነው። ኖራ ይተነፍሳል፤ ዝናብ ቢጠጣ መልሶ ያወጣዋል። በኋላ ጥገናው በሲሚንቶ ሆነ። ሲሚንቶ ውሃውን አፍኖ ያስቀረዋል፤ ግድግዳው ከውስጥ ያልቃል። በ1964 እ.ኤ.አ. አብዮት ከመጣ በኋላ ደግሞ ብዙው ቤት ተወርሶ መንግሥት እጅ ገባ። አንድ ነጋዴ የኖረበት ቤት ለስንት ቤተሰብ ተከፋፈለ። የጋራ ጣሪያ ሲያፈስ ማን መሰላል ይዞ ይወጣል? የቀበሌ ቤት የኖረ ሰው ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል።

ዩኔስኮ ከተማዋን በ2000 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። ዝናቡ ግን መዝገብ አያነብም። ሱልጣን ባርጋሽ በ1883 ያሠሩት፣ ሰው «የድንቅ ቤት» የሚለው ቤተ መንግሥት እድሳት ላይ እያለ በ2020 የፈረንጆች ገና ዕለት ከፊሉ ተደርምሶ የሰው ሕይወት ጠፋበት። ስንጥቁ ፊት የተነሱት ፎቶዎች ግን ምንም አልሆኑም። ፊልተራቸው እንኳ አልደበዘዘም።

ከአንሺው በላይ በር የሚወዱም አሉ። እነሱ በሩን ራሱን ይገዙታል። ስንት የዛንዚባር በር ተነቅሎ፣ በመርከብ ተጭኖ፣ ባሕር ማዶ የሰብሳቢ ሳሎን ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። እሱ ነው እንከን የለሽ በር። ማንም ባልዲ ይዞ አይወጣበትም።

በአገራችን ለዚህ ጥበብ ትንሽ አስቸጋሪዎች ነን። ሐረር ጁገል ለምሳሌ ሰዉ በዓል ሲደርስ ግድግዳውን በአዲስ ቀለም ይቀባዋል። አንሺው ይምጣ አይምጣ ሳይጠይቅ! እንዲህ ያለ ግድየለሽነት ቱሪዝም ይጎዳል።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ በር ወዳዳችን ምን እንደሚነካው እንጃ። ቦሌ ሲያርፍ ፍቅሩ ይበርዳል። የእናቱ የግቢ በር ቆርቆሮ ነው። ከታች ዝገት በልቶታል፤ መወርወሪያው ወልቆ በሽቦ ይታሰራል። ቀለሙማ ሌላ ነው። አረንጓዴው ሲላጥ ሰማያዊ፣ ሰማያዊው ሲላጥ ቡናማ ይታያል። ዛንዚባር ቢሆን ኖሮ በሆዱ ይተኛለት ነበር። እዚህ ግን ስልኩን አውጥቶ እናቱን ከበሩ ያርቃታል፣ የጎረቤት አበባ ሥር ይወስዳታል።

«እማዬ፣ ትንሽ ወደ ግራ። በሩ ገባብኝ።»

«ይግባ እንጂ! አመጣለሁ ያልከው ቀለምስ?»