ውዳሴ «ደስ ይላል»

እኔ የምለው፣ ለ«ደስ ይላል» ሐውልት የሚያቆም ሰው እንዴት ጠፋ? አራት ኪሎ፣ ከሚያዝያ 27ቱ ሐውልት አጠገብ፣ ትንሽ ቦታ አይጠፋም ነበር።

ማይክ የያዘ ጋዜጠኛ ፒያሳ ላይ አንዱን መንገደኛ አቁሞ «አዲሱ መንገድ እንዴት ነው?» ይለዋል። «ደስ ይላል።» ሰርግ ውላ የመጣች ጎረቤቴን ምሳው እንዴት ነበር ብላት «ደስ ይላል።» ባለፈው ሰሞን ደግሞ ከቀብር የተመለሰ ወዳጄ ማኪያቶውን እያማሰለ «ቀብሩ ደስ ይላል፤ ሰው በጣም ብዙ ነበር» አለኝ። ሟቹም ቢጠየቅ ሌላ የሚል አይመስለኝም።

ይህን ጥበብ ለልጆቻችን በጊዜ የሚያወርሱ መምህራን ማግኘታችን ትልቅ ዕድል ነው። ልጄ ሰባተኛ ክፍል ናት። መስከረም ላይ እንደ ወጉ «ክረምቱን እንዴት አሳለፋችሁ?» የሚል ድርሰት ታዘዙ። ምስኪኗ ልጄ እንዲህ ብላ አረፈችው፦

«ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁል ስንወርድ ወጨፎ ያዘን። ጃንጥላው ከላይ ቢጋርደንም ከጎን እየገረፈን ቀሚሴ እግሬ ላይ ተለጠፈ። አንድ ሊስትሮ ሳጥኑን አናቱ ላይ ደፍቶ ፈትለክ ሲል ብሩሹ ዱብ አለ፤ ጎርፉም ጠልፎ ወሰደው።»

ደብተሩ ሲመለስ «ወጨፎ» ሥር ቀይ መስመር ተሰምሯል፦ «የሰፈር ቃል»። «ፈትለክ» ሥር ሌላ መስመር፦ «ለድርሰት አይሆንም»። ከግርጌው «ማራኪ ቃላትን ተጠቀሚ» ይላል። 4 ከ10። (ወጨፎን ያስተማረቻት ደብረ ብርሃን ያለችው እናቴ ናት። ቀዩ እስክሪብቶ እሷም ላይ ነው ያረፈው፤ አልነገርኳትም።)

ልጄ ፈጣን ናት፤ ትምህርቱ ወዲያው ገባት። ደግማ ጻፈች፦ «ክረምቱ በጣም ደስ ይላል። ውብና ማራኪ ወደሆነችው ፒያሳ ሄድን። ውብና ማራኪ ዝናብ ዘነበ። ብዙ ነገር አየን፤ ብዙ ነገርም አደረግን።» 10 ከ10፤ ከጎኑ «ጎበዝ!»። ሊስትሮው ከነብሩሹ ተጠርጎ ወጣ። አንባቢም አንዲት ጠብታ ሳትነካው ደረቁን ቤቱ ገባ።

«ማራኪ»ን ታዘብኩት እንጂ። ድሮ ጦር ሜዳ ላይ ጠላት የሚማርክ ኃይለኛ ሰው ነበር። ዛሬ ጡረታ ወጥቶ መጋረጃ፣ ሎጅና ዝናብ ላይ ተመድቧል።

ደግሞስ አማርኛ ሲበዛ አባካኝ ነው። አንድ ሰው አረፍ እንዲል ስንት ቃል ያስፈልገዋል? ስታዲየም ዙሪያ ታክሲ ሲጠብቅ እግሩ የዛለው ዘፍ ይላል፤ ጥጉን ይዞ ስልኩን የሚጎረጉረው ቁጢጥ፤ የአይሱዙ ጭነት አናት ላይ የወጣው ጉብ፤ ትናንት የተሾመው ኩፍስ፤ ሚኒባስ ውስጥ የሁለት ሰው ወንበር የያዘው ዝርፍጥ ይላል። ሁሉም ተቀመጡ አይደል እንዴ? መምህራችን «ተቀመጠ» ብለው ገላገሉን። አቀማመጡን ማየት ያማረው አንባቢ የራሱን ሳንቲም ከፍሎ ታክሲ ይሳፈር።

ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. ከ1,200 ገጽ በላይ የሆነ የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳትመዋል። ምን ያህል ድካም ነው! የገዛ ስማቸውን የመጀመሪያ ሁለት ፊደላት አጥብቀው ቢይዙ ኖሮ አንድ ገጽ ይበቃቸው ነበር።

ከፍ ያለው ትምህርት ገና ይመጣል። ልጆቹ ወደ ስምንተኛ ክፍል ሲጠጉ «ጠረገ»ን እና «አጠበ»ን ይሰናበታሉ። ሲጠርግ የዋለ ልጅ እጁ ላይ መጥረጊያ እንጂ ሌላ የለም፤ «የጽዳት ዘመቻ ያካሄደ» ግን ሰርተፍኬት ይዞ ነው የሚወጣው። እኛ ቤት ከወዲሁ ተጀምሯል። ከትናንት ወዲያ ልጄን «ሰሃኑን አላጠብሽም እንዴ?» ብላት «አባዬ፣ ከማጠብ አንጻር እንቅስቃሴ እያደረግኩ ነው» አለችኝ። ሰሃኑ እስካሁን እንዳለ ነው። አነጋገሯ ግን ደስ ይላል።

ትናንት ማታ በረዶው ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠው ጀመር። እናቴ ደወለች፤ ልጄ አንስታ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«ምንድን ነው እሱ የሚንጣጣው፣ ልጄ?»

ልጄ ወደ ጣሪያው ቀና አለች። አፏን ከፈት አድርጋ ቆየች፤ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ደብተሯን አየችው።

«ዝናብ ነው፣ እማማ። በጣም።»

«በጣም ምን?»